የአሥራ አምስት ደቂቃው ሥልጣን

የዕድሜና የሙያ ጓደኞቼ፣ ይህን የምጽፈው ለልጆቹ አይደለም። ልጆቹ ገና እየተማሩ ነው፤ ስሕተታቸውም የተማሪ ስሕተት ነው። የምጽፈው ለእኛ ነው። በመንደራ ቆጪ፣ በሂርማታ፣ በፈረንጅ አራዳ፣ እስከ አጋሮና ሊሙ ገነት ድረስ የሰው ኮምፒውተር ለምንከፍት፣ የማኅበር፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ሰርቨር የይለፍ ቃል በእጃችን ላለ፣ "እሳቸው ካዩት ይበቃል" ለምንባል ሰዎች። እንዲህ የሚባልለት ሰው የሠራውን ማንም ተመልሶ አይመረምረውም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው የተነሣሁት።

ጉዳዩ አንዲት አጭር ትእዛዝ ናት። ሊነክስ ላይ ፋይል ልትቀዱ ትሞክራላችሁ፤ ማሽኑ ፈቃድ የላችሁም ይላል። የላይኛውን ቀስት ትጫኑና ያንኑ ትእዛዝ መልሳችሁ ከፊቱ ሱዱ ትጨምሩበታላችሁ። የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ትሰጣላችሁ፣ ፋይሉ ይቀዳል። ማሽኑ ለምን እንደከለከለ የጠየቀ የለም። ተራ ተጠቃሚ የነበረው ሰው በቅጽበት የማሽኑ ጌታ ሆኖ፣ አንድ ነገር አድርጎ፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሥልጣኑ ጊዜያዊ ነው። በሥልጣኑ የተሠራው ግን ጊዜያዊ አይደለም፤ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ከእኛ በኋላም ይቆያል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

መሰረዝን ሁላችንም እንፈራለን። አርኤም የሚለውን ትእዛዝ በሩት፣ ማለትም በማሽኑ ጌታ፣ ሥልጣን ስንጽፍ እጃችን ይዘገያል፣ መስመሩን ደግመን እናነባለን። መቅዳትን የሚፈራ ግን አላየሁም። ዋናው በቦታው አለ፣ ቢበዛ አንድ ትርፍ ቅጂ ይኖራል ብለን እናስባለን። የሚቀዳው ፋይል በርግጥ በቦታው አለ። ቅጂው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ምን እንደነበረ፣ ከዚያ በኋላ የማን እንደሚሆን፣ ማን ሊያነበው እንደሚችል ግን አንጠይቅም።

ሱዱ እንዴት እንደመጣ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር በአሜሪካ በቡፋሎ በሚገኘው የኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ቫክስ 11/750 በሚባል ኮምፒውተር ላይ ጻፉት። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ቶድ ሚለር የተባለ ባለሙያ ሲንከባከበው ኖሯል። ኡቡንቱ የሚባለው የሊነክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ሲወጣ የሩትን አካውንት ቆልፎ ሱዱን መግቢያ በር አደረገው። ሐሳቡ የሩት የይለፍ ቃል ለብዙ ሰው ሳይታደል፣ ሠራተኛው ለአንድ ሥራ በራሱ ስም ፈቃድ ጠይቆ፣ ስሙም ተመዝግቦ እንዲሠራ ነው። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠሩት ሦስት ነገር ይመክር ነበር፦ የሌላውን ሰው ምስጢር ማክበር፣ ከመጻፍ በፊት ማሰብ፣ ትልቅ ኃይል ትልቅ ኃላፊነት እንዳለበት ማወቅ። ይህ ምክር በብዙዎቻችን ዓይን ፊት አልፏል። አንብበን የቆምን ጥቂት ነን።

ፈቃዱ ደግሞ ትእዛዙ ሲያልቅ አብሮ አያልቅም። በኡቡንቱ አንዴ የይለፍ ቃላችሁን ከሰጣችሁ በዚያው ተርሚናል ለ15 ደቂቃ ሳይጠይቅ ያስገባችኋል፤ ሱዱን በጠራችሁ ቁጥርም ጊዜው እንደ አዲስ ይቆጠራል። በእነዚያ ደቂቃዎች ስልክ ተደውሎ ብትወጡ፣ ቡና ተፈልቶ ወደ ጎረቤት ብትጠሩ፣ ወንበራችሁ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ጌታ ነው። ሱዱ ሰረዝ ኬ ብሎ ፈቃዱን መዝጋት አንድ ትንፋሽ አይወስድም። ይህን የሚያደርግ ባልደረባ ግን ስንቱ ነው?

እኛ ዘንድ ሱዱ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ዊንዶውስ አልነሣ ሲል ነው። ደንበኛው ላፕቶፑን ታቅፎ ይመጣል፤ ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የልጆቹ ፎቶ፣ የሱቁ ሒሳብ አለ። እኛም ኡቡንቱ ያለበትን ፍላሽ ሰክተን እናስነሣና ከታመመው ዲስክ ፋይሎቹን እናወጣለን። መልካም ሥራ ነው፤ በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ከለቅሶ ድኗል። ነገር ግን ከፍላሽ የተነሣ ኡቡንቱ ሱዱ ስትሉት የይለፍ ቃል እንኳ አይጠይቅም። የሚያዘገየን ነገር ስለሌለ እንቸኩላለን። በሱዱ የቀዳነው ፋይል በአዲሱ የሊነክስ ዲስክ ላይ ሲያርፍ ባለቤቱ ደንበኛው አይደለም፤ ሩት ነው። ደንበኛው ከፍቶ ያነበዋል፤ አስተካክሎ ሴቭ ላድርግ ሲል ይከለከላል። ተመልሶ ይመጣል።

ያኔ ምን እናደርጋለን? ብዙዎቻችን ባለቤትነቱን ወደ ደንበኛው ስም ከመመለስ ይልቅ ፎልደሩን ከነሙሉ ይዘቱ 777 እናደርገዋለን። ማንም ያነባል፣ ማንም ይጽፋል፣ ማንም ያስኬዳል። ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል። ወይም ደግሞ ሊብሬኦፊስን በሱዱ ክፈተው ብለን እናሳየዋለን። ከዚያ ወዲያ፣ በቆዩት የኡቡንቱ ስሪቶች ላይ፣ በቤት ፎልደሩ ውስጥ ያሉት የተደበቁ ፋይሎች አንድ በአንድ በሩት ስም ይጻፋሉ። አንድ ጠዋት ተጠቃሚው ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ይጽፋል፤ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ወደ መግቢያው ይመልሰዋል። ደግሞ ይጽፋል፤ ደግሞ ይመልሰዋል። ሊነክስ አይረባም ይባላል። ሊነክስ ምንም አላደረገም፤ ኤክስ ኦቶሪቲ የምትባል ትንሽ ፋይል ባለቤቷ ተለውጦ ተጠቃሚው ሊጽፍባት ስላልቻለ ነው። አንዲቷ ሱዱ ሁለተኛዋን ጠራች፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋን። ጊዜያዊው ሥልጣን ቋሚ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ ማንም ወስኖት አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሲፒ የሚባለው የመቅጃ ትእዛዝ መድረሻው ላይ በዚያው ስም ሌላ ፋይል ካገኘ አይጠይቃችሁም። የነበረውን ፋይል ይከፍትና መጀመሪያ ይዘቱን ባዶ ያደርገዋል፤ አዲሱን መጻፍ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም ሙሉ አይደለም። ዲስኩ ቢሞላም እንዲሁ ነው። ተራ ተጠቃሚ ብትሆኑ የማይመለከታችሁ ፋይል ላይ ይህ አይደርስም፤ ማሽኑ ገና ከመነሻው ያስቆማችኋል። ሱዱ ያን መከላከያ ያነሣል። መብራት እንዴት እንደሚሄድ ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም። የዩፒኤሱ ባትሪ ከደከመ ዓመታት ያለፉበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ደመናው እየጠቆረ፣ ትልቅ ፋይል በሌላ ፋይል ላይ የሚቀዳ ሰው ሁለቱንም ለአደጋ እየሰጠ መሆኑን ይወቅ።

ፍላሽም የራሱ ጣጣ አለው። ሲፒ ጨርሶ መስመሩን ሲመልስላችሁ ዳታው ገና ሚሞሪ ላይ ሊሆን ይችላል። ሲንክ ሳይባል፣ ፍላሹ በሥርዓት ሳይወጣ የተነቀለ እንደሆነ ስሙና መጠኑ ደህና የሚመስል፣ ውስጡ ግን የተበላሸ ፋይል ይዞ የሚሄድ ሰው አለ። ነገሩ የሚታወቀው ሰውየው ሊሙ ገነት ከደረሰ በኋላ ነው፤ እዚህ ያለው ደግሞ በዚያ መሐል ተሰርዞ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ፋይል በእኛ አካባቢ ምን እንደሚይዝ አስቡ። የቡና ገበሬው እሸቱን ለማኅበሩ በኪሎ ያስረክባል፤ ዓመቱ ሲዘጋ የሚደርሰው የትርፍ ክፍፍል የሚሰላው በዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ በኤክሴል ወይም በካልክ የተያዘ አንድ ፋይል ከሆነ፣ ያምናው ቅጂም በተመሳሳይ ስም ከላዩ ቢያርፍ፣ ሲፒ አንዲት ቃል አይናገርም። ፋይሉ ይከፈታል፣ ዓምዶቹ አሉ፣ ስሞቹ አሉ፣ ኪሎዎቹም አሉ፤ ብቻ የዘንድሮ አይደሉም። ገበሬው የሚያውቀው በክፍያ ቀን ነው። ደረሰኙን የያዘ ይከራከራል። ደረሰኙ የጠፋበት ቃሉ ብቻ ይቀረዋል፤ የኮምፒውተሩ ወረቀት ባለበት ስብሰባ ላይ የእሱን ቃል የሚሰማ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከከተማችን ወጣ ብሎ መልኮ ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከልም አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየ። ተመራማሪዎቹ በሽታው ባለበት ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን እየመረጡ ቁጥር ሰጧቸው። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112፣ 74165 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች ከዚያ ሥራ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱ የመጀመሪያ አኃዞች የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ። ቡና ማፍራት እስኪጀምር ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ምርቱና በሽታ የመቋቋም ዐቅሙ ተለክቶ እስኪረጋገጥ ደግሞ ሌሎች ዓመታት። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢጠፋ በገንዘብ የሚመለስ አይደለም። ዛፉ እንደገና መተከል፣ ዓመታቱም እንደገና መቆጠር አለባቸው። የዚያ ዘመን ሰዎች የመዘገቡት በወረቀት ነበር። ወረቀት ይቀደዳል፣ ይሻግታል፤ ሳይታወቅ በሌላ ገጽ ግን አይተካም። የዛሬ መዝገብ ያለው ዲስክ ላይ ነው፣ የዲስኩም ቁልፍ በእኛ እጅ ነው። ለዚህ ነው ነገሩን እንደ ቀላል የቴክኒክ ጉዳይ እንዳታዩት አጥብቄ የምለምናችሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ጥንቃቄ ያደረገ የሚመስለው ሰው ነው። "ለልጁ ሙሉ ሱዱ አልሰጠሁትም፤ ባክአፕ እንዲያደርግ ሲፒን ብቻ ነው የፈቀድኩለት፤ ሌላ ምንም ማድረግ አይችልም" ይላችኋል። በሱዱወርስ ፋይል ውስጥ ሲፒን ያለ ይለፍ ቃል የሚፈቅድ አንድ መስመር ጽፏል፣ በዚያም ልቡ ዐርፏል። ወንድሜ፣ ሲፒን በሩት ሥልጣን የፈቀድክለት ሰው ምንም ያልፈቀድክለት ነገር የለም። የይለፍ ቃሎች የተቀመጡበትን ሻዶው የሚባለውን ፋይል ወደ ራሱ ፎልደር መቅዳት ይችላል። ከዚያም አልፎ ራሱ ያዘጋጀውን ሻዶው በዋናው ላይ መቅዳት ይችላል፤ ያኔ የሩትን የይለፍ ቃል የሚያውቀው እሱ ነው። የሱዱወርስን ፋይል ራሱን በሌላ መተካት ይችላል፤ አንተ የጻፍከው ገደብ ያለው እዚያ ፋይል ውስጥ ነው። ጆንያ ማስገባት ብቻ ነው የፈቀድኩለት ብለህ የመጋዘኑን ቁልፍ ቀይሮ የራሱን እንዲያደርግ እንደፈቀድክለት ቁጠረው። ታርም፣ አርሲንክም ያው ናቸው። በሩት ስም የትም መጻፍ የሚችል ትእዛዝ ሁሉ ሙሉ ሥልጣን ነው፣ ስሙ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን።

ልጁ ቅን ቢሆንስ? ቅን ቢሆንም የሌላ ሰው መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ቀደም ሲል 777 ያደረግነውን ፎልደር አስታውሱ። እዚያ ማንም መጻፍ ስለሚችል፣ ክፉ ያሰበ ሰው ሪፖርት የሚል ስም ያለው ነገር ግን ወደ አንድ የሲስተም ፋይል የሚጠቁም ሊንክ ሊያስቀምጥ ይችላል። ልጁ እንደ ልማዱ በሱዱ ሪፖርቱን ወደዚያ ይቀዳል። ሲፒ ሊንኩን ተከትሎ ሄዶ የሲስተሙን ፋይል ይደመስሰዋል። በመዝገቡ ላይ የሚገኘው የልጁ ስም ነው። የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ፕሮግራሙ ራሱም ከስሕተት ነጻ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ኳሊስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በሱዱ ውስጥ አንድ ከባድ ቀዳዳ ይፋ አደረገ፤ ባሮን ሳመዲት ብለው ጠሩት። በማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ሰው፣ ሱዱ ጨርሶ ያልተፈቀደለትም ቢሆን፣ ሩት መሆን ያስችለው ነበር። ቀዳዳው ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ኮዱ ውስጥ ነበረ፤ አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የተገኘው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ደግሞ ሌላ ወጣ፤ በ1.9.17ፒ1 ታረመ። ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ ነው፣ ዳታ ይበላል እያላችሁ አፕዴት ያላደረጋችኋቸው ማሽኖች በየቢሮው አሉ። አውቃለሁ፣ ዳታ ውድ ነው። ቢሆንም ሌላው ሁሉ ቢዘለል የሱዱ ማስተካከያ አይዘለልም።

ስለ ምስጢር ልናገር። ፋትና ኤክስፋት በሚባለው ሥርዓት የተዘጋጀ ፍላሽ፣ ማለትም ገበያ ላይ የምናገኘው ፍላሽ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የሊነክስን ባለቤትነትና ፈቃድ አይመዘግብም። ሰርቨሩ ላይ ለሁለት ሰው ብቻ የተፈቀደ ፋይል ፍላሹ ላይ ሲያርፍ ለማንም ክፍት ነው። የአንድ ጤና ጣቢያ የሕሙማን መዝገብ፣ ማን ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሚወስድ የሚናገር ዝርዝር፣ በሱዱ ተቀድቶ፣ ኪስ ውስጥ ገብቶ፣ ለማተም ወደ ኮፒ ቤት ይሄዳል። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይም ቅጂ ይቀራል። በትንሽ ከተማ የሰው ሕመም ከተሰማ መልሶ አይሰበሰብም፤ ጋብቻ ይፈርሳል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ይህን ጉዳት ያደረሰው ሰው ምንም ክፉ አላሰበም። ሪፖርት ቶሎ ለማድረስ ነበር የቸኮለው።

ሕጉንም አትርሱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚከለክለው ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ አይደለም፤ ከተሰጠው ፈቃድ በላይ መሄድንም ጭምር ነው። የይለፍ ቃሉ ስለተሰጠኝ ያየሁትን ሁሉ ልቅዳ የሚል ሰው ይህን ሐረግ ቆም ብሎ ያንብበው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዴት ሊጠብቀው እንደሚገባ ግዴታ ጥሏል። ደንበኛ ላፕቶፑን ሲሰጠን የፈቀደው ፋይሎቹ እንዲድኑለት ነው። ፎቶዎቹን ከፍተን እንድናይ፣ ለክፉ ቀን ብለን በእኛ ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ እንድናስቀር አልፈቀደም። ይህን የሚያደርጉ አሉ። "ቢጠፋበት ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ እሰጠዋለሁ" ይላሉ። ሳያውቅ የተቀመጠለት ቅጂ ለእሱ ጥበቃ አይሆንም፤ የእኛ ዲስክ በተሰረቀ ቀን የእሱም ገመና ይሰረቃል።

በትልልቅ ቦታዎችም የሚሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ማታ፣ ጊትላብ በሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት አንድ መሐንዲስ ዳታቤዙን ከዋናው ሰርቨር ወደ ሁለተኛው ለመቅዳት ሲታገል አመሸ። ቅጂው አልሳካ ሲለው በመድረሻው ላይ ያለውን ፎልደር አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊጀምር ወሰነ። ትእዛዙን የሰጠው ግን በዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ ቢያስቆመውም 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ባክአፕ አለን ይሉ ነበር፤ ሲፈተሽ የየዕለቱ ባክአፕ ከቆመ ቆይቷል፣ ማንም አላወቀም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ያው መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ብሎ በአጋጣሚ የወሰደው ቅጂ ነው። ድርጅቱ ታሪኩን ሳይደብቅ አሳትሞታል፤ ለዚህም አከብራቸዋለሁ። እኛስ ዘንድ? መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በንግድ ባንክ ሲስተም የሆነውን የጅማ ሰው ያስታውሰዋል፤ በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ያሉ ኤቲኤሞች ሳይቀሩ ገንዘብ ያለ ልክ ሲያወጡ አድረዋል። የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ችግሩ በሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን ባንኩ ተናግሯል። ሌባ ከውጭ ሰብሮ አልገባም። ጉዳቱ የመጣው በተፈቀደ ሥራ መሐል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስንት ተማሪ ገንዘብ መልስ ተብሎ ስሙ እንደተለጠፈ አይተናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ የምነግራችሁ አዲስ ነገር የለም። ማሽኑ ፈቃድ የላችሁም ሲል መጀመሪያ ጠይቁ፤ ፋይሉ የማን ነው? ለምን ተከለከልኩ? ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ፎልደር ላይ መሥራት ካለባቸው መፍትሔው ለሁሉም ሱዱ መስጠት አይደለም። አንድ ቡድን ፍጠሩ፣ ፎልደሩን ለቡድኑ ስጡ፣ ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው ፋይል ሁሉ የቡድኑ እንዲሆን አድርጉ። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው፤ ለዓመታት ሱዱን ያስቀራል። የግድ በሱዱ መቅዳት ካለባችሁ ሰረዝ ኤ ጨምሩ፤ ባለቤትነቱን፣ ፈቃዱንና ቀኑን ይዞ ይቀዳል። ሰረዝ አይ ብትጨምሩ በሌላ ፋይል ላይ ከማረፉ በፊት ይጠይቃችኋል። ከመቅዳታችሁ በፊት መድረሻውን ተመልከቱ፤ በዚያ ስም የተቀመጠ ካለ ቀን ያለበት ሌላ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡት። ትልቁን ፋይል በቀጥታ በአሮጌው ላይ አትቅዱ፤ በአጠገቡ በሌላ ስም ቅዱ፣ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ ስሙን ለውጡ። መብራት ቢጠፋ አሮጌው በቦታው አለ።

ባክአፕ ለሚያደርገው ልጅ ሲፒን አትፍቀዱለት። ከየት ወደ የት እንደሚቀዳ በውስጡ የተጻፈበት፣ ባለቤቱ ሩት የሆነ፣ ሌላ ሰው ሊለውጠው የማይችል አንድ ትንሽ ስክሪፕት ጻፉና እሱን ብቻ ፍቀዱለት፤ ከራሱ ምንም ነገር እንዳይጨምርበት አድርጉ። የሱዱወርስን ፋይል ስታርሙም በቪሱዱ ብቻ ክፈቱት፤ የተሳሳተ መስመር ከጻፋችሁ ከመዝጋቱ በፊት ያስጠነቅቃችኋል። በሌላ ኤዲተር ከፍታችሁ ካበላሻችሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱዱ ለማንም ላይሠራ ይችላል፤ ሩቱም ተቆልፏል። በሱዱ ወደ ሩት ሼል ገብታችሁ እዚያው የመዋልን ልማድም ተዉ። እያንዳንዱ የሱዱ ጥሪ በኦውዝ ሎግ ላይ ማን፣ መቼ፣ የት ሆኖ፣ ምን እንዳዘዘ ተጽፎ ይቀራል። ሼል ውስጥ ገብቶ የዋለ ሰው ግን የተመዘገበለት መግባቱ ብቻ ነው፤ ውስጥ ያደረገውን ሎጉ አያውቅም። አንድ ቀን የጠፋ ነገር ሲፈለግ ያ መዝገብ ለንጹሑ ሰው ምስክሩ ነው።

ልጆቹ የሚያዩት እጃችንን ነው። ክፍል ውስጥ የተማሩትን ያህል፣ ከጀርባችን ቆመው ምን እንደምንጽፍ እያዩ ይማራሉ። ክልከላ በመጣ ቁጥር ሳናነብ ሱዱ ስንጨምር ካዩ የሚይዙት ያንን ነው። ነገ እነሱ የሆስፒታል፣ የባንክ፣ የቡና ላኪ ድርጅት ሰርቨር ይይዛሉ፤ ያንን ልማድ ይዘውት ይሄዳሉ።

የምጠይቃችሁ አንድ ሥራ ነው፤ የዘንድሮ እሸት ቡና መሰብሰብ ሳይጀመርና የማኅበራቱ ሒሳብ ሳይጨናነቅ። በምትጠብቁት ማሽን ሁሉ ላይ ቪሱዱን ክፈቱና መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ሲፒ፣ ታር፣ አርሲንክ የሚል ካለ አንሡት። የሱዱ ቡድን ውስጥ ያሉትን ስሞችም አንድ በአንድ እዩ፤ ሥራ የለቀቀ፣ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ፣ ከዚህ ዓለም የተለየ ሰው ስም እስካሁን እዚያ ሊኖር ይችላል። የቀሩትን በወረቀት ጽፋችሁ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ስጡ፤ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል እሳቸውም ይወቁ። ብቻችሁን መንካት የሚያስፈራችሁ ከሆነ ንገሩኝ፤ አጋሮም ይሁን ሊሙ እመጣለሁ፣ ተቀምጠን አብረን እናነበዋለን።